የማሩ መዳፍ

ማሩ ቀጥቃጭ ነው። በአንበሳሜ ዙሪያ ያለ ገበሬ ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምሳሩን የሚያሠራው በእሱ እጅ ነው። ታዲያ ሰው ማረሻውን ይወዳል፣ ማረሻ ሠሪውን ይፈራል። ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው ይሉታል። እሱ ባለፈበት መንገድ እናት ልጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ እህል የቀረበለትም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያው ሰውዬ ዝናብ ጥሎ ማረሻው ሲዶለዱምበት ግን ከደጁ ቆሞ «ማሩ፣ ሞት ይርሳህ፣ ቶሎ አድርስልኝ» ይላል። እንግዲህ የሰው ነገር እንዲህ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ የሚለው ወሬ ከደረሰ ሰንብቷል። ደብረ ታቦር ላይ ግን የጣልያን ባንዲራ ገና አልወረደም። አንድ ማለዳ ጠመንጃ ያነገተ አርበኛ ከማሩ ቤት ራቅ ብሎ ቆመና ተጣራ።

«የጎበዝ አለቃ ካሳሁን ይፈልጉሃል። ዕቃህን ይዘህ ወንዛዬ ና!»

ማሩ መዶሻውን፣ ጉጠቱን፣ ሞረዱን፣ ወስፌውንና ትንሿን ወናፉን በስልቻ አድርጎ፣ ጥቂት ከሰል ጨምሮ ተከተለው። አርበኛው መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊት እየሄደ አንድ ጊዜም ዞር ብሎ አላየውም። ማሩም ለምዶታል፤ የሰው ጀርባ እያየ ነው ያደገው።

ወንዛዬ ሲደርሱ ከፍል ውሃው በላይ ካለው ቁልቁለት አናት፣ በሾላ ዛፎች ሥር አንድ የጣልያን ካሚዮን ቆሟል። ከፍል ውሃው የሚነሣው እንፋሎት ከጠዋቱ ቅዝቃዜ ጋር ተገናኝቶ ቦታውን ነጭ ጋቢ አልብሶታል። ከካሚዮኑ ጎን ቁስለኞች በቃሬዛ ተኝተዋል። ማሩ ወደዚያ ዓይኑን እንደጣለ ባለበት ቆመ። ጫፍ ላይ ያለው፣ እግሩ እስከ ጭኑ በጨርቅ የተጠመጠመው ቁስለኛ፣ ደሳለኝ ነው። የእናቱ ልጅ።

«ሸፍኑት! ሸፍኑት ልጄን!» የሚል ድምፅ ጮኸ። ፈንታነሽ ነበረች፤ ለአርበኞቹ ስንቅ የምታቀብል፣ ቁስላቸውን የምታጥብ ደግ ሴት ናት። ሮጣ ነጠላዋን ከደሳለኝ ፊት ላይ ጣለችና በማሩና በቁስለኛው መካከል ቆመች። «አንተ ቀጥቃጭ፣ ፊትህን ወደዚያ አዙር! ደሙ ገና አልደረቀም።»

ማሩ ፊቱን አዞረ። ሌላ ምን ያድርግ? ጣልያን በገባ ማግሥት ደሳለኝ ወናፉን ጥሎ ወደ ዱር ሲሄድ «እዚህ ብኖር እንደ ጅብ እኖራለሁ፤ እዚያ ብሞት እንደ ሰው እሞታለሁ» ብሎት ነበር። ማሩም አለቀሰና መከረው። «የማን ልጅ ነህ ቢሉህ፣ የእስቴ ባላገር ልጅ ነኝ በል። እኔን አታውቀኝም። ገበያ ላይ ብንገናኝም እለፈኝ።» ደሳለኝ የተባለውን አደረገ፤ ዘመተ፣ ተዋጋ፣ ስሙ ተጠራ። ማሩ ማረሻ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች የደሳለኝን ጀግንነት ሲያወሩ አንገቱን ደፍቶ ወናፉን እየነፋ ይሰማ ነበር። ደስታውን ለማን ይንገረው?

የጎበዝ አለቃ ካሳሁን ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ቁጡ ግን ፍርድ አዋቂ ሰው ነው። ጠጋ ብሎ ነገሩን አስረዳው።

«አባይ ዳር የእንግሊዝ ሐኪም ድንኳን ተክሏል። በቃሬዛ እንዳንወስዳቸው መንገዱ ይፈጃቸዋል። ይኼ ደሳለኝ የምንለው ልጅ ደግሞ እግሩ መጥቆር ጀምሯል፤ ዛሬ ካልደረሰ አይተርፍልንም። ካሚዮኑ ያው። አልነሣ አለን። ንዋይ ይንገርህ።»

ንዋይ ከጣልያን ጦር ከነካሚዮኑ ከድቶ የመጣ የሐማሴን ሰው ነው፤ ሾፌርም መካኒክም ነው። ቡዳ የሚባለውን ነገር ያን ያህል አይፈራም፤ ከማሩ ጎን ቁጭ ብሎ ሞተሩን ከፍቶ አሳየው።

«ስንከዳ በተተኮሰብን ጥይት በርሜሉ ተበሳና ናፍታው በመንገድ አለቀ» አለው። ቢቸግር ጤፍ ብድር፤ የአንበሳሜ ሴቶች የኑግ ዘይት በየቅሉ አዋጡ። አልበቃ ሲል ሞራ አቅልጠው ጨመሩበት። ማታ ጥሩ ዘይት ይመስል የነበረው ጠዋት ሲያዩት እንደ እርጎ ረግቷል።

«ይኼ ሞተር ክብሪት የለውም» አለ ንዋይ። «አየሩን ጨምቆ ጨምቆ ያግለዋል። ከዚያ እነዚህ መርጫዎች ዘይቱን እንደ ጉም በትነው ሲነፉበት በራሱ ይነዳል። ሳይበተን እንደ ክር ከወረደበት ግን ያጨሳል እንጂ አይነድም። ናፍታ ቀጭን ስለሆነ ይበተናል። ይኼ የረጋ ነገር አልበተን አለ።»

ማሩ ከመርጫዎቹ አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየው። ጣት የሚያህል ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ከመርፌ የቀጠነ ቀዳዳ አለው።

«ታዲያ ወፍራም ነገር ሰፊ አፍ ይፈልጋል» አለ ማሩ።

«እሱስ እውነት ነው» አለ ንዋይም።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ማሩ ወስፌውንና ሞረዱን አውጥቶ ቀዳዳውን አሰፋው። ንዋይ መርጫውን ዘይቱን ከሚገፋው ፖምፓ ቱቦ ጫፍ ላይ አሰረና ማንሻውን በብረት ገፋው። የረጋው ዘይት ከሰፊው አፍ እንደ በሬ ለሃጭ ተዝረክርኮ ወረደ። የሚበተን ቀርቶ የሚፈናጠቅ እንኳ ጠፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ደህናውን መርጫ አበላሽተው ቁጭ አሉ።

ከኋላቸው ደሳለኝ አቃሰተ። ማሩ ዞር ሊል አንገቱ ተነሣ፤ ፈንታነሽ ትዝ አለችውና መለሰው። ጥርሱን ነክሶ አሰበ። የሚያውቀውን ነገር ከማሰብ ሌላ የሚያስበው አልነበረም፤ የሚያውቀውም ወናፍ ነው። የወናፍ አፍ ሰፊ ሲሆን ነፋሱ ይለግማል። ከውስጥ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ ሲቀጥን እሳቱን ያስጮኸዋል። እርጎም እንዲሁ ነው፤ ሲቀመጥ ይረጋል፣ ሲንገላታ ይቀጥናል። ይኼ የረጋ ዘይት ጠባብ መንገድ ላይ ተገፍቶ፣ ተጨንቆ ቢያልፍ ቀጥኖ ይወጣ ይሆናል።

«አፉን ማስፋት አይደለም» አለ። «ጉሮሮውን ነው ማስተካከል። ገና ከመግቢያው ጀምሮ እንደ ቀንድ እየሾለ እንዲሄድ አደርገዋለሁ። ጫፉ ግን ከድሮውም ይጥበብ፤ አንድ በነበረበትም ሁለት ቀዳዳ ይሁን፣ ሁለቱ ሲጋጩ ይበታተናሉ። ደግሞም ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ሞራ ማንንም አይሰማም።»

ንዋይ ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ፖምፓውን ጠበቅ አድርጎ ግፊቱን ሊጨምርለት እንደሚችልም ነገረው።

እሳት አንድደው እንዳያሞቁት ጭስ ያየ የጣልያን አውሮፕላን ይመጣል ተብሎ ተፈርቷል። ከሰሉ ደግሞ ለማሩ ሥራ እንኳ በቅጡ አይበቃም። እግዜር ያፈላው ውሃ ግን ከሥራቸው አለ። ካሳሁን አዘዘና ቅሎቹ ሁሉ በገመድ ታስረው ፍል ውሃው ውስጥ ተነከሩ። ሊጠመቁ የመጡ ሽማግሌዎች ጸበሉን ሞራ ነካው ብለው አጉረመረሙ፤ ቁስለኞቹን ሲያዩ ግን ራሳቸው ገመዱን ይዘው ያወዛውዙ ጀመር።

ማሩ ጉድጓድ ምሶ ከሰሉን አቀጣጠለ። የተተኮሰ ጥይት ቀለህ አስለቅሞ፣ አግሎ፣ ቀጥቅጦ ለየመርጫው አዲስ አፍ ሠራ። ቀለህ እንደ ብረት አይጸናም፤ እስከ አባይ ግን ይጸናል። ውስጡን በወስፌ እያሾለ፣ ጫፉን ከሰፌድ መስፊያ በቀጠነ መርፌ እየበሳ፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሲያነሣ ፀሐይ እንፋሎቱን ሳታሸንፈው ወጣች። ወናፉን በነፋ ቁጥር እንደ ልማዱ መዳፉን ከወናፉ አፍ ፊት ያደርጋል። ቀጥቃጭ የወናፉን ትንፋሽ በመዳፉ ነው የሚያውቀው፤ ከአባቱ የተማረው የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነው።

ንዋይ ይህን ሲያደርግ አይቶ ነበርና አስጠነቀቀው።

«ማሩ፣ ስማኝ። መርጫው ሲሠራ መዳፍህን ከፊቱ እንዳታደርግ። ምፅዋ ላይ አንድ ሠራተኛ እንዲህ ሲያደርግ የነካው ነገር መርፌ የወጋውን ያህል እንኳ አልነበረም። ዘይቱ ግን ቆዳውን በስቶ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። ክንዱ በሰበሰ።»

«እሺ» አለ ማሩ። ከልቡ ነው እሺ ያለው።

የሞቀው ዘይት መጣ። አዲስ አፍ የተሰካለት የመጀመሪያው መርጫ ከቱቦው ጫፍ ታሰረ። ንዋይ ጀርባውን ሰጥቶ ማንሻው ላይ ተንጠለጠለና በሙሉ ጉልበቱ ገፋ። «ጥስስ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ማሩ አፍጥጦ ተመለከተ፤ ምንም አይታይም። ከሥር የሚነሣው እንፋሎት ነጭ ነው፤ መርጫው የሚተፋውም ጉም ከሆነ ነጭ ነው። በነጭ ላይ ነጭ እንዴት ይታይ?

«በተነ?» አለ ንዋይ።

«አላየሁም። ድገመው።»

«ምን ታያለህ?»

«እንፋሎቱ ጋረደኝ!»

በዚህ መካከል ደሳለኝ በትኩሳት ውስጥ ሆኖ «ውሃ... ውሃ ስጡኝ» እያለ ጮኸ፤ እንደ ሕፃንነቱ ነበር ድምፁ። ንዋይ ማንሻውን ሲገፋ የማሩ ቀኝ እጅ ተዘረጋ። ልማድ ክፉ ነው፤ መዳፉ ከማስጠንቀቂያው ቀደመ።

ለብ ያለ እርጥበት መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ጉም ነበር፣ የተባለው ጉም! መካከሉ ላይ ብቻ ንብ እንደነደፈችው ያህል ቅንጣት ታህል ነገር ቆጥቆጥ አደረገችው።

«በተነ! እንደ ጉም ነው! ይነዳል!» ብሎ ጮኸ። ንዋይ ዞር ሲል ማሩ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቷል። መዳፉን ሰረቅ አድርጎ አየው፤ ደም እንኳ የለውም፤ ነጭ ነጥብ ብቻ። ምን እንደሆነ ግን አውቋል። እንደ ማንኛውም ሰው ፈራ። እጁ እንጀራው ናት፤ ሌላ ርስት የለውም።

ቢናገር ሥራው ይቆማል። አልተናገረም። የቀሩትን መርጫዎች አፍ አስገባ፣ ከንዋይ ጋር ወደ ሞተሩ መለሰ፤ ጣቶቹ እየደነዘዙ ሄደው የመጨረሻውን ያሠረው በግራ እጁ ነበር። የበርሜሉ ቀዳዳ ተደፍኖ የሞቀው ዘይት ተሞላበት፤ እንዳይቀዘቅዝም በጋቢ ተጠቀለለ። ቁስለኞቹ አንድ በአንድ ተጫኑ። ፈንታነሽ ከላይ ተቀምጣ የደሳለኝን ራስ ከጭኗ ላይ አደረገች፤ ነጠላው አሁንም ከፊቱ አልተነሣም።

የቀረው ካሚዮኑን በቁልቁለቱ መልቀቅ ነው። ወርዶ ወርዶ ግርጌ ሳይደርስ ከተነሣ ተነሣ። ካልተነሣ ከታች ያለው ረግረግ ይይዘዋል፤ ወደ ላይ የሚመልሰው ጉልበትም የለም።

ንዋይ መሪው ላይ ሊወጣ ሲል፣ መሬት ላይ የረሳውን መፍቻ ማሩ አቀበለው። ያቀበለው በግራው ነው። ንዋይ ፊቱን አየው፣ ከዚያ ጋቢውን ገለጠ። ቀኝ እጁ አብጦ አመድ መስሏል።

«አንተ ሰው! ምን አደረግክ?»

«ዝም በል። ሂዱ።»

ንዋይ ግን ዝም አላለም። «የጎበዝ አለቃ! ይኼ ሰው ተወግቷል! ዘይት ገብቶበታል፤ ዛሬ ሐኪም ካልከፈተለት እጁ ይበሰብሳል፣ ይገድለዋል! ጫኑት!»

ካሚዮኑ ላይ ሁካታ ተነሣ። «ቡዳ ከቁስለኛ ጋር?» አለ አንዱ። «ደም ሲያይ አያስችለውም!» አለ ሌላው። ፈንታነሽ ነጠላውን ከደሳለኝ ፊት ላይ ይበልጥ አጠበቀች። «የጎበዝ አለቃ፣ እባክዎ! ይኼን ሁሉ ለፍተን ልጄን በመንገድ ሊያስበሉብኝ ነው?» ብላ ማለደች። እኒህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ይኼ ነው የሚያናድደው። አንዱ ለሌላው የሚሞት ሰዎች ነበሩ።

ካሳሁን አመነታ። «በበቅሎ እንልክሃለን» አለ ማሩን፣ ዓይኑን ሳያይ።

«ግዴለም ጌታው፣ እኔ ደህና ነኝ» አለ ማሩ። «ልጁን ቶሎ ያድርሱት።»

ያን ጊዜ ከነጠላው ሥር እጅ ወጣ። ደሳለኝ ጨርቁን ከፊቱ ላይ ገፈፈው። ዓይኖቹ በትኩሳት ቀልተዋል፤ ቀጥ ብለው ያዩት የነበረው ግን ማሩን ነው።

«የእናቴ ልጅ ነው» አለ።

ማሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ትኩሳቱ ነው» አለ ፈጥኖ። «ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥረው። አላውቀውም። ከየት አውቀዋለሁ? የባላገር ልጅ...»

«ወንድም ጋሼ፣ በቃ» አለ ደሳለኝ። «በቃ፣ ደክሞኛል።» ከዚያ ወደ ካሳሁን ዞረ። የቀኝ ክንዱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበ፤ ከክርኑ በታች የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ አለ። «ይኼን የጣልያን ቦምብ ነው ብዬዎት ነበር። የወናፍ ፍም ነው። የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። እሱን የሚጭኑት ከሆነ ሁለታችንንም ይጫኑን፤ አለዚያ እኔንም ያውርዱኝ።»

ፈንታነሽ እጇን ከራሱ ላይ አነሣች። እሳት እንደነካት ነበር ያነሣችው። እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ራሱን ቀስ አድርጋ ከጭኗ ካሚዮኑ ላይ ወደተነጠፈው ሣር አወረደችና ከካሚዮኑ ወርዳ ቆመች።

ካሳሁን ጠባሳውን አየ። «ከአንድ ገበታ ስንት ጊዜ በላን» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል።

«በላን» አለ ደሳለኝ። «ታዲያ አንድ ቀን ታመሙ?»

ካሳሁን ሄዶ ማሩን በደህናው ክንዱ ያዘውና ራሱ ደግፎ ወደ ላይ አወጣው። ከዚያ ወደ ቁስለኞቹ ቀና ብሎ «መውረድ የሚፈልግ ይውረድ» አለ። አንድ ሁለቱ ወረዱ። የቀሩት ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ፤ ግን ተቀመጡ።

ድንጋዩ ከጎማው ሥር ተነሣ። ካሚዮኑ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ ቁልቁል ሄደ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ዝም አለ። ረግረጉ እየቀረበ መጣ። ማሩ የወንድሙን ራስ በግራ ክንዱ አቅፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሞተሩ እንደገና አስነጠሰ፣ ደገመ፣ ሦስተኛ ላይ እንደ ዝናብ ነጎድጓድ አገሳና ሳያቋርጥ ነደደ። ንዋይ ረግረጉ አፋፍ ላይ መሪውን ጠምዝዞ መንገድ ውስጥ ገባ። ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ እልል አሉ። ፈንታነሽ ብቻ በእግሯ መንገዱን ተከተለች።

ሐኪሙ የደሳለኝን እግር አተረፈለት፤ አጠር ብላ ቀረች እንጂ ድናለች። የማሩን ቀኝ እጅ ግን ከአንጓው ላይ ቆረጠው። ከፍቶ ሲያየው መዳፉ ውስጥ ያለው ሥጋ ሞቶ ነበር። ደሳለኝ ይህን የሰማው ከሰመመኑ ሲነቃ ነው፤ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሮ አለቀሰ፤ ከአንጀት ሲያለቅሱ እንባ አይገድም።

ደብረ ታቦር በክረምቱ ነፃ ወጣች። አርበኞች ሲሸለሙ ደሳለኝ ተጠራ፤ ተሸለመም። ሲጨበጭቡለት የነበሩት ግን እህል ሲቀርብ ራቅ ራቅ አሉ። ካሳሁን አጠገቡ ተቀምጦ በላ፤ አንድ ሰው ስንት ሰው ይሆናል? ደሳለኝ ለማንም ሳይናገር እያነከሰ አንበሳሜ ገባ።

በመከር ወቅት ፈንታነሽ ማጭዷ ዶልዱሞባት መጣች። እንደ ሁሉም ሰው ከደጁ ራቅ ብላ ቆመች። ወደ ውስጥ ስታይ ማሩ በግራ እጁ ጉጠት ይዞ የጋለ ብረት መስፉ ላይ አጋድሟል፤ የተቆረጠችውን ክንዱን ከወናፉ አፍ ፊት አድርጎ ትንፋሹን ይለካል። በአጭሯ እግሩ የተንበረከከው፣ ላብ ያጠመቀው ደሳለኝ በአንድ እጁ ወናፉን እየነፋ በሌላው መዶሻውን ይዟል።

ፈንታነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ልታነሣ እጇን ላከች፤ እጇ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ጥቂት ቆማ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችው። ከዚያ መግቢያው ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አለች።

«ቁስሉ ሻረልህ፣ ልጄ?» አለች።

«ሻረ፣ እማማ» አለ ደሳለኝ፣ ቀና ሳይል። መዶሻውን ከራሱ በላይ አነሣና ወደ ማሩ ተመለከተ።

«ወንድም ጋሼ፣ የት ላይ ልምታ?»